ክፉ ገጸ ባሕርይ እና በክፉ ጠባዩ የሚኮራ ገጸ ባሕርይ

ብዙ አንባቢ ሁለቱን ያምታታል። ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ሥልጣን፣ ገንዘብ ወይም በቀል። ሰው የሚጎዳው ለዚያ ሲል ነው፤ ስለዚህም ክፋቱን አብዝቶ ይደብቃል። በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ኢያጎ የሰው ትዳር እያፈረሰ እንኳ የሚጠራው «ሐቀኛው ኢያጎ» እየተባለ ነው።

በክፉ ጠባዩ የሚኮራው ግን ምንም አይደብቅም። ሰላም ሲሉት ፊቱን ያጠቁራል፤ «ጠባየ ብልሹ» ሲባል እንደ ምስጋና ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በተጀመረው «ሰሰሚ ስትሪት» የተሰኘ የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ውስጥ ያለው ኦስካር ጥሩ ምሳሌ ነው። በቆሻሻ በርሜል ውስጥ ይኖራል፤ ቆሻሻ ይወዳል፤ ጎረቤቶቹ ደስ ባላቸው ቁጥር ብቅ ብሎ ይነጫነጫል። የማንንም ሕይወት ግን አያበላሽም።

ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሰው ሁሉ ቢወደው ምን ይሰማዋል? ኢያጎ መወደዱን ለተንኮሉ ይጠቀምበታል፤ ኦስካር ግን ይከፋዋል። እኔ ሁለተኛውን መጻፍ ይበልጥ ከባድ ይመስለኛል፤ ደራሲው የኩራቱን ምንጭ ካላወቀ ገጸ ባሕርዩ በየገጹ የሚሳደብ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢም ቶሎ ይሰለቸዋል።