ስኳሬ ተስተካክሎ እያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?

ብዙ የስኳር ታማሚዎች በዚህ ግራ ይጋባሉ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን 2 እስከ 3 ወራት አማካይ የደም ስኳር ያሳያል። ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ስለ ደም ቅባት፣ ማለትም ስለ ኮሌስትሮልና መሰሎቹ ግን ምንም አይነግረንም።

ልብን የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው። ከፍ ያለ ስኳር የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል። ኤልዲኤል የተባለው ኮሌስትሮል ደግሞ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል፤ ሥሩም እየጠበበ ይሄዳል። በስኳር ሕመም ጊዜ የኤልዲኤል ቁጥር ብዙም ሳይጨምር ቅንጣቶቹ ትንንሽና ይበልጥ ጎጂ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከ40 እስከ 75 ዓመት ላሉ የስኳር ታማሚዎች ኮሌስትሮላቸው “ኖርማል” ቢባልም ስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው።

እባካችሁ፣ ውጤቱ ጥሩ ሆነ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት። ጥሩ ያደረገው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ጡንቻችሁን ካመማችሁ ወይም እርግዝና ካሰባችሁ ለሐኪማችሁ ቶሎ ንገሩ።