ኢምፒዳንስ ምንድን ነው? በኢርፎን ካርቶን ጀርባ ያለችው የኦም ቁጥር

ታክሲ መጠበቂያው ዳር ኢርፎን ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ሁለት ካርቶን አነሳሁ። መልካቸው አንድ ነው። አንዱ ጀርባው ላይ 16 ኦም ይላል፣ ሌላው 32 ኦም። «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ሠላሳ ሁለቱ ደብል ነው፤ ቤዙ ራሱ ደብል ነው» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዋጋውም ደብል ነበር። ከፍዬ ሄድኩ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ኦም የምትባለዋን ቁጥር እንደ ጥራት ደረጃ የሚያያት ሰው ብዙ ነው። ካሜራ ሲገዛ ሜጋፒክስል፣ ስልክ ሲገዛ ጊጋባይት መቁጠር የለመደ ሰው ኢርፎን ላይም ትልቁን ቁጥር ቢመርጥ አይገርምም። ይህች ቁጥር ግን ጥሩና መጥፎ አትለይም። የምትናገረው ኢርፎኑ ከምን ዓይነት ዕቃ ጋር እንደሚስማማ ነው፣ እንደ ጫማ ቁጥር። 43 ቁጥር ጫማ ከ38 አይሻልም፤ እግሩ ይለያያል እንጂ።

ኢምፒዳንስ ማለት ባጭሩ ኢርፎኑ ከስልኩ የሚላክለትን ከረንት ምን ያህል ይገታዋል ማለት ነው። መለኪያው ኦም ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው የቮልቴጅንና የከረንትን ዝምድና በ1827 ካሳተመው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው።

ግቢው ውስጥ ሮቶ የሰቀለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ይህ ቮልቴጅ ነው። ከቧንቧው ጫፍ የምትሰኩት ቱቦ ሰፊ ከሆነ ብዙ ውሃ ያሳልፋል፣ ከጠበበ ጥቂት። የሚፈሰው ውሃ ከረንቱ ነው፣ የቱቦው ጥበት ደግሞ ኢምፒዳንስ። ባለ 16 ኦም ኢርፎን ሰፊ ቱቦ ነው፤ ባለ 300 ኦም የስቱዲዮ ሄድፎን ደግሞ ቀጭን። ስልክ እንግዲህ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል የተቀመጠ ሮቶ ነው። ባትሪው ትንሽ ነው፣ ለጆሮ ማዳመጫ የሚያወጣው ቮልቴጅም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት አካባቢ ነው። ዝቅ ካለ ሮቶ በቂ ውሃ የሚገኘው በሰፊ ቱቦ ነው። ለስልክ ተብለው የሚሠሩ ኢርፎኖች አብዛኞቹ 16 ወይም 32 ኦም የሆኑት ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ኃይል የሚገኘው ቮልቴጁን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ በማካፈል ነው። ስልኩ ግማሽ ቮልት አወጣ እንበል። ባለ 16 ኦሙ 15.6 ሚሊዋት ያገኛል፤ ባለ 32ቱ 7.8፤ ባለ 300ው 0.8 ብቻ። ስለዚህ «ደብል» የተባለልኝ ኢርፎን፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የሚያገኘው ኃይል ግማሹን ነው። ልጁ ነገሩን የገለበጠው ቢሆንም ስሕተቱ ያን ያህል ጉዳት አልነበረውም፤ ጆሮ የኃይልን ልዩነት የሚሰማው በቁጠባ ነውና። ኃይል በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚወርደው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፣ ይህም ጣት የቮልዩም ቁልፉን አንዴ ሁለቴ ሲነካ የሚስተካከል ነው። «ድምፁ እጥፍ ሆነ» ለማለት 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ16 እና በ32 መካከል ብቻ እየመረጣችሁ ከሆነ ስለ ኦሙ አትጨነቁ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? አሮጌ ኢርፎን ከፍታችሁ ካያችሁ በአንዲት ክብ ማግኔት ላይ የተደፋ ስስ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። ከፕላስቲኩ ጀርባ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ ተለጥፏል። ከረንት ሲገባበት ማግኔቱ አንዴ ይገፋዋል አንዴ ይስበዋል፣ ፕላስቲኩም አብሮ ይርገበገባል። ዘፈን የምንለው ያንን መርገብገብ ነው። ሽቦው ቀጥኖ ብዙ ዙር ሲጠመጠም ኦሙ ይጨምራል፤ ወፍሮ ዙሩ ሲያንስ ይቀንሳል። ቤየርዳይናሚክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲቲ 770 ፕሮ የሚለውን ሄድፎኑን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። ስሙም ቅርጹም ያው ነው፤ 32ቱ ለስልክና ለላፕቶፕ፣ 250ው ጠንካራ አምፕሊፋየር ላለው ስቱዲዮ የታሰበ ነው። 250ውን ገዝቶ ስልኩ ላይ የሰካ ሰው ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፍቶ «ይሄ ነገር ፎርጅድ ነው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሬዚስታንስ (ተቃውሞ) ብለን ለምን አንተወውም? ሬዚስታንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ለሚፈስ ከረንት ይበቃል። ሙዚቃ ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ከረንት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር በሰከንድ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የጸናጽል ሽንሽንታ ብዙ ሺህ ጊዜ። የተጠመጠመ ሽቦ ደግሞ ፈጣን ለውጥን ይቃወማል። በዚህ የተነሳ አንዱ ኢርፎን ለቤዝና ለትሬብል (ለቀጭኑ ድምፅ) የሚያሳየው ተቃውሞ ሊለያይ ይችላል። ኢምፒዳንስ በእውነቱ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ነው፤ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ከመስመሩ የተወሰደ አንድ ነጥብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ኪሎኸርትዝ (በሰከንድ ሺህ ጊዜ በሚመላለስ ድምፅ) የተለካው ነው። በተራ ኢርፎን መስመሩ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ባላንስድ አርማቸር የሚባሉ ጥቃቅን ድምፅ ማውጫዎች ባሏቸው ውድ ኢርፎኖች ላይ ግን ዳገትና ቁልቁለት ይሆናል።

ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ስልኩም የራሱ ኢምፒዳንስ አለው። ወደ ሮቶው ስንመለስ፣ ከሮቶው ሥር የሚወጣው ቧንቧ ራሱ ጠባብ ከሆነ፣ ሰፊ ቱቦ ብትሰኩበትም ግፊቱ ከቱቦው አፍ ሳይደርስ ይሞታል። ኢርፎኑ ለቤዝ ሰፊ፣ ለትሬብል ጠባብ የሆነ እንደሆነ ቤዙ ከትሬብሉ የበለጠ ይጎዳል፤ የዘፈኑ ጠባይ ይለወጣል። የድምፅ ሰዎች ለዚህ አንድ የተለመደ ሒሳብ አላቸው፦ የሚያጫውተው ዕቃ ኢምፒዳንስ ከኢርፎኑ ስምንተኛ እጅ አይብለጥ። ለ16 ኦም ኢርፎን ከ2 ኦም በታች ማለት ነው።

ይህን ነገር አውቆ ለጥቅም ያዋለ ኩባንያም አለ። ኤቲሞቲክ የተባለው የኢሊኖይ ኩባንያ በ1991 ኢአር 4 ኤስ የሚባል ባለ 100 ኦም ኢርፎን አወጣ። ድምፁ የተመሰገነ ሆነ፤ ኪስ ውስጥ ለሚገቡ ማጫወቻዎች ግን ይከብዳቸው ነበር። ኋላ ላይ ኢአር 4 ፒ የሚባል ባለ 27 ኦም ወንድም አወጣለት፤ ይሄኛው በትንሽ ባትሪም ይጮኻል፣ ቤዙም ትንሽ ሞላ ያለ ነው። ከዚያ ደግሞ በውስጧ 75 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ያለባት አጭር ገመድ ሸጠ። ገመዷን በመሃል ስትሰኩ ድምፁ ይቀንሳል፣ ትሬብሉ ይጎላል፣ ፒው ወደ ኤስ ይጠጋል። እኔ የዚያችን ገመድ ነገር እስካነብ ድረስ በኦም ምክንያት የአንድ ኢርፎን ጠባይ ይቀየራል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ኦም ብቻውን የድምፁን ከፍታ አይነግርም፤ አጠገቡ በዴሲቤል የሚጻፈውን ሴንሲቲቪቲ አብሮ ማንበብ ያሻል። ኢርፎኑ የተሰጠውን ኃይል ወደ ድምፅ ሲቀይር ምን ያህል ጎበዝ ነው የሚለውን የሚነግረው እሱ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። አንዱ ካርቶን በአንድ ሚሊዋት 102 ዴሲቤል ሲል ሌላው በአንድ ቮልት 116 ዴሲቤል ይላል፤ መለኪያቸው የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹን ፊት ለፊት ማወዳደር አይቻልም። ለ16 ኦም ኢርፎን የሚሊዋቱን ቁጥር ወደ ቮልት ለመቀየር 18 ትጨምራላችሁ፣ ለ32 ኦም 15። ባለ 102ቱ 16 ኦም ከሆነ በቮልት 120 ይሆናል፤ ማለትም ትንሽ መስሎ የታየው ይጮኻል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጽፎ መለኪያውን የማይናገር ካርቶን ካጋጠማችሁ ዲዛይነሩ ባዶ ቦታ መሙላት ፈልጎ ይሆናል።

የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የታወቀ ሄድፎን ነው፤ 300 ኦም፣ በቮልት 97 ዴሲቤል። ግማሽ ቮልት በሚያወጣ ስልክ ጣሪያው 91 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ዘፈን ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ አይጫወትም፤ በተለይ በጸጥታ የተቀዳ ክራር ወይም በገና ሲሆን ድምፁ ሩቅ ይሆናል። በዚያው ስልክ ላይ በሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሚያወጣ ተራ ባለ 16 ኦም ኢርፎን ጣሪያው 112 ነው። ይህ ደግሞ በሌላ በኩል ያስፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፣ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥርም ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዝቅተኛ ኦምና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ አንድ ላይ ሲገናኙ የቮልዩሙ የመጀመሪያ ነጥብ ራሱ ለሌሊት ይበዛል፤ ዘፈኑ ሲቆምም ከጀርባው «ሽሽሽ» የሚል ይሰማል። ያ የስልኩ አምፕሊፋየር ድምፅ ነው፤ ባለ ብዙ ኦሙ ኢርፎን ላይ አይሰማም፣ እዚህ ግን ይጋለጣል።

ገመድ አልባ የምትገዙ ከሆነ (እኛ ሁሉንም ኤርፖድ ነው የምንለው) ይህን ሁሉ እርሱት። አፕል በ2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ ካወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያ ሄዷል። በብሉቱዝ የሚሠራ ኢርፎን አምፕሊፋየሩን በራሱ ሆድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አምፕሊፋየሩንና ሽቦውን ያጋባቸው ፋብሪካው ነው። ካርቶኑ ላይ 32 ኦም ቢል ለጌጥ ነው። ጃክ በሌለው ስልክ ላይ ባለ ገመድ ኢርፎን በአስማሚ ስትሰኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ያለው በዚያች አጭር አስማሚ ውስጥ ነው። ቮልቴጁን የምትወስነው እሷ ስለሆነች ጥሩ አስማሚ አንዳንዴ ከአዲስ ኢርፎን የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ያን «ደብል» ኢርፎን ከገዛሁ ከሳምንት በኋላ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ቴስተራቸውን 200 ኦም ላይ አዞሩና አንዱን ጫፍ በጃኩ ሹል፣ ሌላውን በሦስተኛዋ ቀለበት ላይ አደረጉ። «እስቲ ጆሮህ ላይ አድርገው ልጄ» አሉኝ። ጫፉ በነካ ቁጥር በግራ ጆሮዬ «ጠቅ» ይላል፤ ቴስተሩ ራሱ የሚልከው ትንሽ ከረንት ነው። ስክሪኑ ላይ 15.9 ቆመ። ጫፉን ከሹሉ ወደ ሁለተኛዋ ቀለበት ሲያዛውሩት ጠቅታው ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ፤ 16.1። ቴስተር የሚለካው የቀጥታ ከረንት ተቃውሞ ስለሆነ ከኢምፒዳንሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ግን ከ32 ወደ 16 አይወርድም። «ጋሼ፣ ካርቶኑ 32 ነው የሚለው» አልኳቸው። «ካርቶን ምን የማይለው አለ!» ብለው ሳቁ። በግማሽ ዋጋ እዚያው የተውኩት ኢርፎን ማለት ነው እንግዲህ፣ ካርቶኑ ተቀይሮለት።

ተቀምጠው ሲያገላብጡት ከካርቶኑ ሥር ያላየኋትን ትንሽ ላስቲክ አወጡ። ውስጧ ሁለት ጥንድ ጎማ ነበር፣ ትንሽና ትልቅ። እኔ ከፋብሪካ በገባበት በመካከለኛው ነበር የምሰማው። «እስቲ በጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ጫነው» አሉኝ ዘፈን ከፍተው። ስጫነው ቤዙ መጣ፤ ስለቀው ጠፋ። ጎማው ከጆሮዬ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ እየሾለከ ይሄድ ነበር። ትልቁን ጎማ ቀይሬ ስሰካው ቤዙ፣ ልጁ እንዳለው፣ ደብል ሆነ።