የሚዘጋ ማጠንፈፊያ ምንድን ነው?

የሚዘጋ ማጠንፈፊያ ከማሳ ሥር በቧንቧ የሚወጣውን ውኃ የሚገታ ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ለማየት ከሐይቅ እንጀምር። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ጥልቀቱ ከ15 ጫማ (4.6 ሜትር ገደማ) የማይበልጥ ሐይቅ «ጥልቀት የሌለው» ይባላል። እንዲህ ያለው ሐይቅ ደህና ሲሆን ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርሳል፤ የውኃ ውስጥ ተክሉም ሥር ሰዶ ጭቃውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሲደፈርስ ግን እስከ ጉልበቱ የገባ ሰው እግሩን አያይም።

አንዱ የመደፍረሱ ምክንያት ከዙሪያው የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ የሚመጣው ውኃ ነው። ከማሳው ሥር ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ትርፍ ውኃ የሚያወጡ፣ ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ቧንቧዎች ተቀብረዋል። የእኛ ገበሬ በዋልካ መሬት ላይ የሚያወጣው ፈሰስም ሥራው ይኸው ነው። ቧንቧው ግን ሰብል በሌለበት ወቅትም ያለ ከልካይ ይፈሳል፤ ናይትሬት የተባለውን የሰብል ምግብም ከማሳው ይዞ ይሄዳል።

የሚዘጋ ማጠንፈፊያ ይህን የሚገታ ነው። በዋናው ቧንቧ መውጫ ላይ ሣጥን ይተከልና ውስጡ ሳንቃ ይደረደራል። ውኃው የሚያልፈው ከላይኛው ሳንቃ ጫፍ ተርፎ ስለሆነ፣ አንድ ሳንቃ በተጨመረ ቁጥር በማሳው ውስጥ ያለው ውኃም ያንኑ ያህል ከፍ ይላል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ውኃው ከመሬት ገጽ 15–30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። ከዘር ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሳንቃው ይነሣል። ቡቃያው ሥር ሲሰድ ውኃው ከመሬት ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስኪቆም መልሶ ከፍ ይደረግና፣ አጨዳ ሲቃረብ እንደገና ይለቀቃል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቀኑ ሲያልፍ ነው። ሳንቃው በጸደይ ዘግይቶ ከተነሣ አፈሩ ሳይደርቅና ሳይሞቅ ትራክተር ይገባበታል፤ መሬቱ ይጠቀጠቃል። በበጋ፣ ማለትም በዚያ አገር ሰብል በሚያድግበት ሞቃት ወቅት፣ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ሳይለቀቅ ከቀረ በቆሎው ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ሳንቃዎቹን በአንድ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ ማውጣትም ስሕተት ነው፤ ውኃው በኃይል ወጥቶ የቦዩን ዳር ይሸረሽራል። አንድ አውጥቶ፣ ፍሰቱ ሲቀንስ ሌላውን ማውጣት ይሻላል። መሬቱ ደግሞ ሜዳ መሆን አለበት፤ ተዳፋቱ ከ1 በመቶ ካለፈ ብዙ ሣጥን ስለሚጠይቅ ወጪው አያዋጣም።

ይህ ዘዴ የሚይዘው በተለይ ናይትሬትን ነው፤ ምክንያቱም የሚወጣው ውኃ ራሱ ይቀንሳል። ፎስፈረስ የተባለው ሌላው የሰብል ምግብ ግን በብዛት የሚሄደው ከታጠበው አፈር ጋር ነው። ስለዚህ በማሳው ረባዳ ቦታ አፉን ከፍቶ ጎርፍ የሚውጠውን ቧንቧ በጠጠር ማጣሪያ መተካት፣ በቦዩ ዳርም ሣር መትከል ያስፈልጋል።

ሐይቁም የራሱ ሥራ አለው። መውጫው ላይ ውኃ መቆጣጠሪያ ካለ በአንዳንድ ዓመት በበጋ ውኃው ዝቅ ይደረጋል፤ የተገለጠው ጭቃ ላይ ተኝቶ የቆየው የደንገል ዘር ይበቅላል። ውኃው ሐይቁ በረዶ እስከሚሠራበት እስከ ብርዳሙ ክረምት እንዳነሰ ከቆየ ከበረዶው ሥር ኦክስጅን ያልቅና ወለሉን እየቆፈረ የሚያደፈርሰው ካርፕ የተባለው ዓሣ ይሞታል። በጸደይ ሌላ ካርፕ በቦዩ ሽቅብ እንዳይገባ የብረት ፍርግርግ ይደረጋል፤ ፍርግርጉ የበቆሎ አገዳ ሲጠራቀምበት እንዳይደፈን ከየዝናቡ በኋላ መጠረግ አለበት።