ሚዲ ኪቦርድ ለምን ድምፅ አይሰጥም?

ሐዋሳ ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ ኪቦርዱን በዩኤስቢ ሰካሁት፣ መብራቱም በርቷል፣ ግን ድምፅ የለውም፤ ተበላሽቶ ይሆን? አልተበላሸም። ግራ የሚያጋባው የሠርግ ኪቦርድ ነው፤ እሱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ሚዲ ግን ድምፅ አይደለም። ቁልፉን ስትጫን ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ቁጥር ብቻ ነው፦ የትኛው ኖታ እንደሆነ (መካከለኛው ዶ 60 ነው)፣ ከ1 እስከ 127 ባለው ልክ ምን ያህል በኃይል እንደተመታ፣ ከ16ቱ ቻናሎችም በየትኛው እንደመጣ። ድምፁን የሚያወጣው የጫንከው ሶፍትዌር ነው፣ ክራርም ይሁን ፒያኖ። ስለዚህ የፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኪቦርዱን እንደ ሚዲ ግቤት ምረጥ። ከዚያ ትራኩ (የምትቀዳበት መስመር) ላይ የሶፍትዌሩን መሣሪያ፣ ክራሩን ወይም ፒያኖውን፣ ክፈትና የመቅጃዋን ቁልፍ አብራ። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው!

ድምፁ እየዘገየ ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባፈሩ ነው፤ ባፈር ማለት ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል (የትንንሽ ድምፅ ቁራጭ) ብዛት ነው። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ላይ፣ ባፈሩ 1024 ሲሆን ብቻውን 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ 128 ስታደርገው ወደ 3 ይወርዳል። ዊንዶውስ ከሆነ አሲዮ (ASIO) የሚባለውን፣ ድምፁን ሳያዘገይ የሚያስተላልፍ ድራይቨር ተጠቀም። ባፈሩን ዝቅ ስታደርገው ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ፕሮሰሰሩ አልቻለም ማለት ነው፣ 256 አድርገውና ቀጥል።