በሪሞት ስለሚነዱ ሞዴል ታንኮች ጥገናና ማሻሻያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሪሞት የሚነዳ ሞዴል ታንክን ከሪሞት መኪና የሚለየው ትልቁ ነገር የአስተጣጠፉ ዘዴ ነው። መኪናው የፊት ጎማዎቹን አዙሮ ይታጠፋል፤ ታንኩ ግን አንደኛውን ሰንሰለት ከሌላው አዘግይቶ፣ ወይም አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እየነዳ፣ መሬቱን በጎን እየፋቀ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ታንኩ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ ባለበት ሲሽከረከር ነው። ስለ ጥገናውና ስለ ማሻሻያው ከሚነገሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ጭነት ከመርሳት፣ አለበለዚያም አንዱ ክፍል ሲጠነክር ጭነቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል እንደሚሻገር ካለማስተዋል ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው በ1/16 ልኬት የሚሠራውን ታይገር 1 ነው። ይህን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ የቻይናው ሄንግ ሎንግም የጃፓኑ ታሚያም በዚሁ ልኬት አምርተውታል። ሞዴሉ መድፉን ጨምሮ ከግማሽ ሜትር በጥቂቱ ይረዝማል፤ ለእያንዳንዱ ሰንሰለት የየራሱ ሞተርና ካምቢዮ አለው፤ የሚሠራውም በ7.2 ወይም በ7.4 ቮልት ባትሪ ነው።

«ፕላስቲኩን ሁሉ በብረት መለወጥ ታንኩን ያጠነክረዋል»

ይህ አመለካከት ግማሹ እውነት በመሆኑ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክንበታል። የብረት ሰንሰለት ያምራል፤ በራሱ ክብደት ረገብ ብሎ በመንኮራኩሮቹ ላይ ስለሚተኛ ከእውነተኛው ታንክ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅም ደስ ይላል። ይሁን እንጂ የብረቱን ሰንሰለት በፕላስቲክ ጥርሳም መንኮራኩር፣ ማለትም ሰንሰለቱን ይዞ በሚነዳው፣ ላይ የጫነ ሰው ከጥቂት ሰዓታት ጨዋታ በኋላ ጥርሶቹ እንደ ተሞረዱ ያያል። ጥርሳሙ መንኮራኩር በብረት ቢተካ ደግሞ ጫናው ወደ ካምቢዮው ውስጥ ይገባና የፕላስቲኮቹን ጥርሶች ይሰብራል። ካምቢዮው ብረት ሲሆን ተራው ከኋላ ሰንሰለቱን የሚወጥረው መንኮራኩር የተተከለበት የሻንሲው ክፍል ይሆናል።

የዚህ የመጨረሻው ክፍል ነገር ለታይገር ባለቤቶች ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ታይገር የሚነዳው ከፊት በኩል ነው፤ ጥርሳሙ መንኮራኩር የላይኛውን ሰንሰለት ወደ ፊት ሲስብ፣ ሰንሰለቱ በኋላው መንኮራኩር ዙሪያ ስለሚታጠፍ፣ መንኮራኩሩ ከላይም ከታችም በአንድ ጊዜ ይጎተታል፤ ማለትም በሰንሰለቱ ላይ ካለው ኃይል ወደ እጥፍ የሚጠጋውን ይሸከማል። እንደ ቲ-34 ባሉ ከኋላ በሚነዱ ታንኮች ላይ ወደ ፊት በሚኬድበት ጊዜ የላይኛው ሰንሰለት የሚላላው ክፍል ስለሆነ፣ ከፊት ያለው መወጠሪያ ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከካምቢዮው ጀምሮ፣ ጥርሳሙንና የሚወጥረውን መንኮራኩር ከነመትከያው አስከትሎ፣ ሰንሰለቱን በመጨረሻ መለወጥ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ግን ከሚታየው ከሰንሰለቱ ነው፤ እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር።

«ሰንሰለቱ ከተወጠረ አይወልቅም»

በጣም የላላ ሰንሰለት በመታጠፊያ ላይ ከጥርሱ መዝለሉ እውነት ነው። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ሰንሰለት ግን በየዙሩ ሞተሩ ላይ ፍሬን እንደ መያዝ ነው፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ የመንኮራኩሮቹን ዘንግ ያጎብጣል፣ ትንሽ ጠጠር በገባበት ጊዜም ሳይወልቅ ቀርቶ አንድ ነገር ይሰብራል። በእውነተኛው ታይገር ላይ የላይኛውን ሰንሰለት የሚደግፍ ትንሽ መንኮራኩር የለም፤ ሰንሰለቱ ረገብ ብሎ በትልልቆቹ መንኮራኩሮች ላይ ያርፋል። ሞዴሉም በዚሁ መንገድ ቢስተካከል ውበቱም ጤናውም ይጠበቃል። ሰንሰለቱ ዘወትር በአንድ ወገን ብቻ የሚወልቅ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በመወጠሩ ሳይሆን ጥርሳሙና የኋላው መንኮራኩር በአንድ መስመር ላይ ባለመሆናቸው ነው፤ ከኋላ ሆኖ በዓይን መመልከት ወይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ማስጠጋት ይበቃል።

«አንዱ ወገን ካልሄደ ቦርዱ ተቃጥሏል»

ቦርድ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሳይመረምሩ አዲስ ቦርድ መግዛት አይገባም። ምርመራው አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ታንኩ ሰንሰለቶቹ አየር ላይ እንዲሆኑ ከሆዱ በታች ሣጥን ይደረግለታል፤ ቀጥሎ ከላይ ያለው ክፍል በጥንቃቄ ተነሥቶ የግራው ሞተር ሽቦ በቀኙ፣ የቀኙም በግራው ቦታ ይሰካል። በሪሞቱ ሲነዳ አሁንም የማይሄደው ያው የቀድሞው ሞተር ከሆነ ጥፋቱ የሞተሩ፣ የካምቢዮው ወይም የሽቦው ነው፤ ችግሩ ወደ ሌላኛው ወገን ከተሻገረ ግን በእርግጥ ቦርዱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ቦርድ ከገዛሁ በኋላ በአንዱ ጥርሳም መንኮራኩር ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የሴት ልጅ ረጅም ፀጉርና የምንጣፍ ክር አገኘሁ፤ ክሩን በወረንጦ አውጥቼ ታንኩን በአሮጌው ቦርድ ነዳሁት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ታንኩ ቀጥ ብሎ መሄድ አቅቶት ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወዲያው ሪሞቱ ላይ ያለውን ማስተካከያ የሚያዞሩ አሉ። መጀመሪያ የሁለቱ ሰንሰለቶች ውጥረት እኩል መሆኑንና መንኮራኩሮቹ በእጅ ሲገፉ ያለ ችግር መዞራቸውን ማየት ይገባል፤ ማስተካከያው በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

«ቮልት ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል፤ ሚሊ አምፔር ሲጨምር ቦርዱ ይቃጠላል»

ሁለቱ አባባሎች አብረው ይነገራሉ፣ ሁለቱም የተገለበጡ ናቸው። በባትሪው ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚናገረው ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ነው፤ ቦርዱ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በ1800 ምትክ ባለ 3000 ባትሪ ቢገባ፣ ቮልቱና መሰኪያው እስከተመሳሰሉ ድረስ፣ የሚለወጠው የጨዋታው ርዝመት ነው።

ቮልት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሴል ያለው የሊቲየም ባትሪ 7.4 ቮልት፣ ሦስት ሴል ያለው 11.1 ቮልት ነው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገር ቮልቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ታንኩ ግድግዳ ገፍቶ ወይም ምንጣፍ ላይ ሲዞር ተይዞ ሞተሩ በሚቆምበት ቅጽበት፣ የሚስበው ከረንት በዚያው ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል፤ በሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር 2.25 እጥፍ ይሆናል። ለ7.4 ቮልት የተሠራ ቦርድ ይህን እንዲችል መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ከዚህም በላይ፣ ታንክን ማፍጠን ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ያስፈልጋል። እውነተኛው ታይገር በጥሩ መንገድ ላይ ከሁሉ ፈጥኖ ሲሄድ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህ ለ16 ሲካፈል በሰዓት 2.8 ኪሎ ሜትር፣ በሴኮንድ 80 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ፍጥነት ነው፤ ሰው ዘና ብሎ ሲራመድ ይቀድመዋል። ሳሎኑን እንደ አይጥ ሽው ብሎ የሚያቋርጥ ታይገር ለእኔ ታንክ አይመስለኝም። ጉልበት የሚፈልግ ሰው ቮልቱን ትቶ ፍጥነቱን ይበልጥ የሚቀንስ ካምቢዮ ቢያስገባ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ የመጎተት ኃይሉ ከፍ ይላል፣ ሞተሩም ከቀድሞው ያነሰ ይሞቃል።

«አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል፤ ከዚያም ጨርሶ እስኪያልቅ ይሠራበታል»

ይህ ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ዘመን የቀረ ሲሆን፣ ከሞባይል ስልክ ጋርም ለረጅም ጊዜ አብሮ ኖሯል። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ተሰክቶ መቆየቱ የሚጨምርለት ነገር የለም። እስኪያልቅ መንዳት ደግሞ ይጎዳዋል፤ ከ3 ቮልት በታች የወረደ ሴል እንደገና ቢሞላም የቀድሞ አቅሙ አይመለስም። ታንኩ መዛል ሲጀምር ማቆም፣ ለወራት ሲቀመጥም በየሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ከታንኩ ተነቅሎ መቀመጡ ይሻላል። የኒኬል ባትሪ ቻርጀር ለሊቲየም ማዋል ግን እሳት ሊያስነሣ የሚችል ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከርም።

«የሚንጫጫ ነገር ሁሉ ደብሊው ዲ-40 ይረጭበት»

ይህ ፈሳሽ በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራው እርጥበትን ከብረት ላይ ለማስወገድ ነው፤ ስሙም ውኃ አስወጋጅ፣ አርባኛው ሙከራ እንደ ማለት ነው። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ይጠቅማል፤ በካምቢዮ ውስጥ ግን ነባሩን ግራሶ አጥቦ ያወጣና እሱም ብዙ ሳይቆይ ይደርቃል። ለብረት ጥርሶች ነጭ የሊቲየም ግራሶ፣ ፕላስቲክ ላለበት ቦታ የሲሊኮን ግራሶ፣ ያውም በጥቂቱ መቀባት ይገባል። በአቧራማ ግቢ ውስጥ ለሚነዳ ታንክ ደግሞ በሰንሰለቱና በሰንሰለቱ ፒኖች ላይ ምንም አለመቀባት ነው የሚበጀው፤ ግራሶና አቧራ ሲዋሃዱ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናሉና።

«የተሰበረውን በሱፐር ግሉ መለጠፍ በቂ ነው»

የታንኩ አካል ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ በአሴቶን ይሟሟል። የዚያኑ ፕላስቲክ ፍርፋሪ በንጹሕ አሴቶን አሟሙቶ በስንጥቁ ውስጥ መቀባት ሁለቱን ወገን ያዋሕዳል፤ ሱፐር ግሉ ግን ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ በመጀመሪያው ግጭት ይለቃል፤ ትነቱም በቀለሙ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ይከናወን። ነጭና አዳላጭ የሆኑት የካምቢዮ ጥርሶች ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ስለሚሠሩ በማንኛውም ተራ ማጣበቂያ አይያዙም፤ መለወጥ ብቻ ነው።

«ታንኩ በራሱ የሚነቃነቀው አንቴናው አጭር ስለሆነ ነው»

በ27 ሜጋኸርዝ ይሠሩ በነበሩት አሮጌ ሪሞቶች ላይ የአንቴና ርዝመት በእርግጥ ወሳኝ ነበር። ዛሬ በተለመደው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ግን የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሩቡ ደግሞ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሽቦ እየቀጠሉ ማስረዘም መቀበሉን ያበላሸዋል እንጂ አያሻሽለውም። ጠቃሚው ነገር ይህች አጭር የአንቴና ጫፍ በብረት እንዳትከበብ ማድረግ ነው። መነቃነቁን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በሞተሩ ውስጥ ያለው የካርቦን ብልጭታ ነው፤ በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል የሚበየደውና 104 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሹ ካፓሲተር የተቀመጠው ይህን ለማፈን ነው። ሞተር የሚለውጡ ሰዎች ካፓሲተሩን እንደ ጌጥ ቆጥረው ይጥሉትና በኋላ ሪሞቱን ይወቅሳሉ።

«ክብደት በጨመረ ቁጥር እንደ እውነተኛው ይሄዳል»

የእውነተኛው ታይገር ክብደት 57 ቶን ገደማ ነው። ርዝመት በ16 ሲካፈል ክብደት በ16 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በ4096 ስለሚካፈል ትክክለኛው የሞዴሉ ክብደት 14 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። እርሳስ ሞልቶ እዚያ መድረስ ይቻላል፤ ሆኖም ሞላዎቹም በልኩ ቢጠነክሩ እንኳ ታንኩ ጉብታ ሲያልፍ የሚወዛወዘው ከእውነተኛው አራት እጥፍ ፈጥኖ ነው፤ የመሬት ስበት ለሞዴል ሲባል አይቀንስምና። ጥቂት መቶ ግራም ከፊት መጨመር አፍንጫውን ያረጋጋዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለካምቢዮው ሸክም ነው።

«በፀሐይ ላይ የማይተኩስ ታንክ ተበላሽቷል»

ታንኮቹ እርስ በርስ የሚዋጉበት የኢንፍራሬድ ጨረር በቀትር ፀሐይ ይዋጣል፤ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብዙው ራሱ ኢንፍራሬድ ነውና። ጥላ ውስጥ መሞከር ይቀድማል። ጨረሩ መውጣቱን ለማወቅ የስልክን የፊት ካሜራ ወደ አፈሙዙ አዙሮ መተኮስ ነው፤ በዓይን የማይታየው ብልጭታ በስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል።

«ባትሪው በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ይሻላል»

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ታንክ ለሚያመጣ ዘመድ የሚሰጠው ይህ ምክር የአየር ጉዞን ሕግ ይቃረናል። ለብቻው የተያዘ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል የሚያየው ሰው የለምና። የመሰኪያው ጫፎች እንዳይነካኩ በፕላስተር ይሸፈናሉ። ባለ 7.4 ቮልት፣ ባለ 1800 ሚሊ አምፔር ሰዓቱ ባትሪ 13 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያልፈው 100 ዋት ሰዓት እጅግ ያነሰ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመሰካቱ በፊት በላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ መጻፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛን 220 አይችልም።