«በማያውቅ አፍ አፈር»፦ የታሚሎቹ አባባልና የኩይሳው አፈር

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላይ ግማሹ ሲቫ ግማሹ ቪሽኑ (ሁለቱም የሂንዱ አማልክት ናቸው) የሆነውን የሃሪሃራን ምስል እያሳየ፣ አንድ ልጅ የደቡብ ህንዶቹን የታሚሎቹን አባባል «ሃይማኖት ሁሉ ያው ነው፣ አትጨቃጨቁ» ለማለት ሲጠቀምበት ሰማሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አባባሉ «አሪዩም ሲቫኑም ኦኑ፣ አሪያደቫን ቫዪሌ ማኑ» ነው። ሃሪና ሲቫ አንድ ናቸው፣ ይህን በማያውቅ አፍ አፈር። ሃሪ የሚሉት ቪሽኑን ነው።

ይህ የሂንዱዎች የቤት ውስጥ ጠብ ነው፣ ሌላውን ሃይማኖት አይመለከትም። በደቡብ ህንድ የሲቫ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ሦስት የአመድ መስመር በአግድም ይቀባሉ። የቪሽኑዎቹ ምልክት ከላይ ወደ ታች ነው። «የእኔ ይበልጣል» መባባሉም የቆየ ነው።

ጠቡ ጎልቶ የሚተረክበት ከተማ ሳንካራንኮቪል ነው፣ ታሚል ናዱ፣ ተንካሲ አውራጃ ውስጥ። ሳንካንና ፓዱማን የሚባሉ ሁለት የእባብ ነገሥታት ነበሩ ይላሉ፣ አንዱ የሲቫ፣ ሌላው የቪሽኑ። ማን ይበልጣል ብለው ተጣሉና ፍርድ ፍለጋ ጎማቲ ዘንድ ሄዱ። ጎማቲ ደግሞ የሲቫ ሚስት፣ የቪሽኑ እህት ናት። ባሏንና ወንድሟን እንዴት ታበላልጥ? በአንድ እግሯ ቆማ ሱባኤ ገባች፣ ሁለቱም በአንድ አካል ተገለጡላት። ሳንካራናራያና ይሉታል። በዓሉ በየዓመቱ በአዲ ወር፣ በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል።

እኔን የሚይዘኝ ግን አፈሩ ነው። የሳንካራንኮቪል ቤተ መቅደስ በረከት የኩይሳ አፈር ነው። ሰው ግንባሩን ይቀባበታል፣ የቆዳ ቁስል ላይ ያደርገዋል፣ ቆንጠር አድርጎም ይቀምሰዋል፣ ልክ እኛ እምነት እንደምንቀባው። እባብና ጊንጥ የሚፈራም ከብር የተሠራ ትንሽ እባብ ወይም ጊንጥ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ይጥላል። ታሚል ናዱ ስማር ቤት ያከራዩን፣ «አማ» የምንላቸው እናት፣ ከበዓሉ ሲመለሱ አፈሩን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው አመጡልን። የላመ ነው፣ ግራጫ፣ ምላስ ላይ ቶሎ የሚሟሟ። አማ መጀመሪያ ለራሳቸው ቀመሱ፣ ከዚያ ለእኛ።

ስለዚህ የአባባሉ አፈር ብዙዎች እንደሚሉት «አፈር ብላ» ዓይነት እርግማን አይመስለኝም። ያ አፈር የኩይሳው አፈር ነው ባይ ነኝ። እባብ ኩይሳ ውስጥ ይኖራል፣ የተጣሉትም እባቦች ናቸው፣ የታረቁበት ቦታ አፈርም መድኃኒት ሆኖ ይታደላል። ያላወቀ ይቅመስና ይዳን ነው ነገሩ። ቤት እንዲመታ ብቻ የገባ ቃል ነው የሚሉኝ አሉ። አልተዋጠልኝም።

ደግሞ አንድ ናቸው ሲባል ተቀላቅለው ጠፉ ማለት አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተፈለፈለውን፣ ህንድ ካርናታካ ውስጥ ያለውን የባዳሚን 1ኛ ዋሻ እዩ፣ ሃሪሃራ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ ነው የቆመው። የሲቫ ወገን ጸጉሩ የተጎነጎነ፣ መጥረቢያ የያዘ፣ የቪሽኑ ወገን ዘውድ የደፋ፣ ዛጎል የያዘ። ለሲቫ የቢልቫ ቅጠል፣ ለቪሽኑ የበሶብላ ዘመድ የሆነችው ቱልሲ ትቀርባለች። አብዛኛውን ጊዜ አይቀያየሩም።

እና እባካችሁ፣ አባባሉን ሰው አፍ ለማስያዝ አትወርውሩት። ምስሉን ስትለጥፉም ቢያንስ የትኛው ጎን የማን እንደሆነ ጻፉበት። የምስሉ የራሱ ቀኝ (ለሚያየው ሰው በግራ) የሲቫ፣ ግራው የቪሽኑ ነው።