ከአውሬ ጋር አብሮ መኖር ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ተራራው ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው የምኖረው። የፋሲካ ዕለት የቅርጫው በሬ ከተከፋፈለ በኋላ አንጀቱ፣ እግሩ፣ ቀንዱና የመንጋጋው አጥንት ወደ ገደሉ ይጣላል። በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ከጅብ ተርፎ የማገኘው ፈርስ፣ ሰኮናና ቀንድ ብቻ ነው። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ያሉት አባቶች ነገሩን በደንብ አይተውታል፤ የጅብ ሆድ አጥንት ያሟሟል፣ ዓይነ ምድሩም ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ለዚህ ነው። ቀንድ፣ ሰኮናና ፀጉር ግን አይፈጩለትም፤ ከዋጣቸውም መልሶ ያስመልሳቸዋል።

የዱር እንስሳት ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጉርብትና «አብሮ መኖር» ይሉታል። ሰውና ሰውን ሊገድል የሚችል አውሬ አንድ መሬት ላይ ሳይጠፋፉ፣ የሚደርሰው ጉዳት ሁለቱም ሊችሉት በሚችሉት ልክ ተይዞ ሲቀጥሉ ማለት ነው። ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። እኛ አብሮ መኖር ስንል ዕድርና ቡና መጠራራት ይታሰበናል። ጅብ ቡና አይጠራም። ፍቅርም ሰላምም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ድንበር ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ ድንበሩ አጥር ሳይሆን ሰዓት ነው። ቀኑ የእኛ፣ ሌሊቱ የአያ ጅቦ።

በሌላው ዓለምም ድንበሩ በየአገሩ መልክ ይለያያል። በካናዳዋ ቸርችል ከተማ የዋልታ ድቦች የባሕሩ በረዶ እስኪጋገር በመጠባበቅ በመከር ወራት በከተማዋ ዙሪያ ይዞራሉ፤ ብዙ ነዋሪዎች ድብ ያባረረው መንገደኛ ዘሎ እንዲገባበት የመኪናቸውን በር ሳይቆልፉ ይተዋሉ። ከተማ ውስጥ ገብቶ ያስቸገረ ድብም ተይዞ ለጊዜው የሚቆይበት እስር ቤት አለው። በሕንድ የጊር ደን አካባቢ አንበሳ የአርብቶ አደሩን ከብት ሲበላ መንግሥት ካሳ ይከፍላል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 በተደረገው ቆጠራ በአካባቢው 891 አንበሶች ተገኝተዋል። ሐረር ደግሞ ከሁሉም ትለያለች፤ ጅብ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ይገባል፣ ከሰው እጅም ሥጋ ይቀበላል። እኔ በበኩሌ እሱን ለሐረር ሰዎች ትቼዋለሁ።

ጅብ የእኛን ኑሮ ምን ያህል እንደሚከተል የሚያሳይ አንድ ጥናት በትግራይ ተደርጎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ታትሟል። አጥኚዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ ውስጡ የቀረውን ፀጉር መረመሩ። በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር የተገኘበት መጠን ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሰው ሥጋ ሲተው የሚጣል ትርፍራፊ ይጠፋል፤ ጅብም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ጎረቤቴ የሆኑት እናት ጥናቱን አላነበቡም፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን አህያቸውን ከግቢው አንሥተው ወደ ማእድ ቤቱ ያስገባሉ፣ በሩንም በድንጋይ ይደግፋሉ።

ጥቅሙም ተሰልቷል። በመቀሌ የተደረገ ሌላ ጥናት ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የሚገመት የእንስሳት ጥምብና ተረፈ ምርት እንደሚበሉ፣ በዚህም በዓመት 5 ሰዎችና 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ እንደሚድኑ ገምቷል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው።

ግን ሒሳቡ ሲወራረድ ዕዳው ለሁሉም እኩል አይደርስም። የድንጋይ አጥርና የብረት በር ያለው ሰው ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል፤ አደጋው የሚያገኘው በረንዳ ላይ ወይም በላስቲክ ቤት የሚያድረውን ነው። አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር ጅቡ ቀን የሚያርፍበት ሸለቆ ይጠባል፤ ቆሻሻው ደግሞ ከነዋሪው ጋር ይበዛል። ሥጋ ነክ ቆሻሻ በየመንደሩ ጥግ እየከመሩ «ጅብ አስቸገረን» ማለት ሳህን አቅርቦ እንግዳውን እንደመስደብ ነው።

እኚሁ እናት የሚኖሩት እንጨት ከጫካው ተሸክመው እያወረዱ በመሸጥ ነው። ድሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ ቀድሞ ገበያ የደረሰ ቀድሞ ይሸጣልና። አሁን ከሦስት ሴቶች ጋር ተጠራርተው፣ ንጋት 12 ሰዓት ካልሆነ ንቅንቅ አይሉም። «ሰዓቱን አክብረንለታል» ይላሉ ስለ ጅቡ። ገበያው ዘንድ ሲደርሱ ግን ገዢው ከሌላ ገዝቶ ሄዷል።